ገበታ ያለ ጨዋታ፣ ጨዋታ ያለ ገበታ
በሰው አገር ስለሚኖሩ ሰዎች ምግብና ቀልድ የቀረበ ሒስ

1. የተለመደው አስተያየት

ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርሳቸውና ከባለ አገሩ ጋር ስለሚለዋወጡት ነገር በተነሣ ቍጥር አንድ አስተያየት ደጋግሞ ይሰማል። ይኸውም ምግብ በቀላሉ ድንበር ይሻገራል፤ ቀልድ ግን ከተወለደበት አገር አይወጣም የሚል ነው። እንግዳው የሚወደውን ወጥ ሠርቶ ቢያቀርብ ጎረቤቱ ቀምሶ ያመሰግነዋል። የሚወደውን ቀልድ ቢነግረው ግን ጎረቤቱ ለይሉኝታ ያህል ፈገግ ብሎ ወሬውን ይለውጣል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ተረታችንም ለዚህ አስተያየት ምስክር ሆኖ ሊጠራ ይችላል።

አስተያየቱ ከፊል እውነት አለው። ስለ አለቃ ገብረ ሐና ከሚነገሩት ጨዋታዎች አንዱን ለምሳሌ እንውሰድ። አለቃ በመንገድ ላይ አህያ የሚነዳ አንድ ሰው አገኙና «እንደምን አደራችሁ» አሉት ይባላል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ይበቃል። ሰላምታው ለብዙ የሚነገር ስለ ሆነ አህያውና ባለቤቱ በአንድ ተቈጥረዋል። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ግን ገና ከመነሻው ይሰናከላል። በዛሬው እንግሊዝኛ ለአንዱም ለብዙውም፣ ለታናሹም ለታላቁም የሚነገረው ቃል አንድ ነውና። ተርጓሚው የአንተን፣ የእርስዎንና የእናንተን ልዩነት አስረድቶ እስኪጨርስ ድረስ ቀልዱ ወደ ሰዋስው ትምህርት ይለወጣል፤ ሰዋስው ደግሞ አያሥቅም።

ዳሩ ግን አስተያየቱ በሁለቱም ወገን ጉድለት እንዳለበት በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን። ምግብም ቢሆን ሳይለወጥ አይሻገርም፤ ቀልድም ቢሆን ፈቃድ ካገኘ ይሻገራል። የሚያስፈልገው ፈቃድ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለመረዳት የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂው ሊቅ ራድክሊፍ ብራውን በ1940 ስለ ቀልድ ዝምድና የጻፈው ጥናት ይረዳናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እንደ እርሱ አገላለጽ የቀልድ ዝምድና ማለት አንዱ ወገን ሌላውን እንዲያፌዝበት በልማድ የተፈቀደለት፣ ሌላውም እንዳይቈጣ በልማድ የታዘዘበት ግንኙነት ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ሁለቱም ወገኖች እኩል ይቃለዳሉ። በሁለተኛው አንዱ ይቀልዳል፤ ሌላው ግን ይታገሣል ወይም ጥቂት ብቻ ይመልሳል። ራድክሊፍ ብራውን የተመለከተው በአማቾችና በጎሣዎች መካከል ያለውን ልማድ ነበር። እኛ ግን ይኸው መለኪያ በስደተኛውና በባለ አገሩ መካከል ላለው ግንኙነትም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። መጠየቅ የሚገባን «ይህ ቀልድ ይተረጐማልን?» ተብሎ ብቻ አይደለም። ማን በማን ላይ፣ በማን ገበታ ተቀምጦ እንዲቀልድ ተፈቀደለት? የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ለምርመራችን ሦስት ሥራዎችን መርጠናል። አንደኛው በለንደን የኖረ የሀንጋሪ ተወላጅ የጻፈው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ዋናው ነገሩ በኒው ዮርክ የሚፈጸም የአሜሪካ ፊልም ሲሆን፣ ሦስተኛው በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ደራሲ የጻፈው ልብ ወለድ ነው። በመካከላቸውም ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን ስለ ዘረጉት ገበታ እንናገራለን፤ ይህን ገበታ ሳያውቁ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሥራ በሚገባ መመዘን አይቻልምና።

2. ጨዋታ ያለ ገበታ፤ የጆርጅ ሚኬሽ መጽሐፍ

ጆርጅ ሚኬሽ በ1912 ሺክሎሽ በምትባል የሀንጋሪ ከተማ ተወለደ። በቡዳፔስት ሕግ ተምሮ በጋዜጠኝነት ሥራ ተሰማራ። በ1938 ለቡዳፔስት ጋዜጦች ወሬ ለመላክ ወደ ለንደን መጣና በዚያው ቀረ። በ1946 «ባዕድ የመሆን ዘዴ» ልንለው የምንችለውን ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። አሳታሚው አንድሬ ዶይች እንደ እርሱ ከሀንጋሪ የመጣ ሰው ነበር። ሥዕሎቹን የሣለው ግን ኒኮላስ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። መጽሐፉ በእጅጉ ስለ ተወደደ ለብዙ ዓመታት በተደጋጋሚ ታትሟል። ደራሲውም እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1987 ድረስ፣ በዚህ መጽሐፍ ታወቀ።

የመጽሐፉ መልክ ለባዕዳን የተጻፈ መመሪያ ነው። ስለ አየር ጠባይ እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ በሰልፍ እንዴት እንደሚቆሙ፣ እንዴት ብልህ ላለመምሰል እንደሚጠነቀቁ በየምዕራፉ ያስተምራል። ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከተን ስለ ሻይ የተጻፈው ምዕራፍ ነው። ሚኬሽ እንደሚለው ሻይ መጀመሪያ መልካም መጠጥ ነበር። እንግሊዞች ግን በብዙ ጥበብ ተራቀው ወተት ጨመሩበትና ጣዕሙን አጠፉት፤ ካጠፉት በኋላም ብሔራዊ ሥርዓት አደረጉት። እንግዳውም በማለዳም ሆነ በማታ፣ በደስታም ሆነ በሐዘን የሚቀርብለትን ሻይ እንቢ ማለት አይችልም። በመጽሐፉ መጨረሻ የእንግሊዝን ዜግነት ለሚፈልግ ሰው ከተሰጠው ምክር አንዱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎ በልቶ ወድጄዋለሁ ማለት ነው። ምክሩ ቢያሥቅም እውነት አለበት። ባለ አገሩ እንግዳውን ከሚፈትንባቸው ነገሮች አንዱ ምላሱ ነው፤ የማይጣፍጠውን ጣፈጠኝ ያለ ዕለት ፈተናውን አለፈ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ሚኬሽ በኋላ ለወጣው እትም በጻፈው መቅድም እንደ ገለጸው፣ መጽሐፉን ሲያወጣ እንግሊዞች ይቈጣሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። እነርሱ ግን ሣቁ፤ ገዝተውም ለወዳጆቻቸው አበረከቱት። አንድ ስደተኛ የአስተናጋጁን ምግብ ነቅፎ፣ ጠባዩን አፊዞበት፣ በራሱ በአስተናጋጁ ቋንቋ አሳትሞ ሲመሰገን ማየት፣ ቀልድ ድንበር አይሻገርም የሚለውን አስተያየት ከነአካቴው የሚያናጋ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሁለት ምክንያት እናያለን። አንደኛ፣ ሚኬሽ የቀለደው በእንግሊዞች ላይ ቢሆንም የቀለደበት ስልት የራሳቸው ነው። ነገርን አሳንሶ መናገርን፣ ቀልድን በቁም ነገር ፊት ማቅረብን ከእነርሱ ተምሮ መልሶ ሸጠላቸው። ሁለተኛ፣ ራሱን ከፌዙ አላወጣም። በመግቢያው ላይ እንደሚተርከው፣ አንዲት እንግሊዛዊት ታገባኛለህን ብላ በጠየቀችው ጊዜ እናቱ ባዕድ ሴት እንዲያገባ ስለማትፈቅድ እንደማያገባት መለሰላት። እርስዋም እንግሊዛዊት የሆነች ሴት በቡዳፔስት ሳይቀር እንዴት ባዕድ ትባላለች ብላ ተደነቀች። በዚህ ታሪክ የሴቲቱ ትምክሕት ያሥቀናል፤ የጸሐፊውም ዕድል፣ ማለት በሄደበት ሁሉ ባዕድ ሆኖ መቅረቱ፣ አብሮ ያሥቀናል።

ለኛ ተማሪዎች ከዚህ የሚገኝ ሌላም ትምህርት አለ። የእንግሊዝ ቀልድ ለሐበሻ አይገባም ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን ሁለቱን ቀልዶች ብናነጻጽር ሥራቸው የሚቀራረብ ሆኖ ይገኛል። እንግሊዙ ዋናውን ነገር በማሳነስ ይሰውረዋል፤ የኛ ባለ ቅኔ ወርቁን በሰም ውስጥ ይሰውረዋል። አንዱ ነገሩን ከሚገባው በታች ይናገራል፤ ሌላው ሁለት ነገር በአንድ ቃል ይናገራል። ሁለቱም ግን ሰሚው የተሰወረውን ራሱ እንዲያገኘው ይጠብቃሉ፤ ላላገኘውም አያዝኑለትም። ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፉ ይህ ስውር አነጋገር በአማራ ኅብረተሰብ ውስጥ ከቅኔ ቤት አልፎ የዕለት ኑሮ ዘዴ እንደ ሆነ አመልክቷል። ስለዚህ ነገርን ሰውሮ መናገር የለመደ ሰው በለንደን ጨዋታ ፊት ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም። የቀረበት ፈቃዱ ነው እንጂ ችሎታው አይደለም።

የሆነ ሆኖ የሚኬሽን መጽሐፍ ካመሰገንን በኋላ ጉድለቱን መናገር ይገባናል። ሚኬሽ በእንግሊዞች ገበታ ተቀምጦ ስለ ሻያቸውና ስለ ገንፎአቸው ያሥቀናል፤ የራሱ አገር ገበታ ግን በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ምዕራፍ እንኳ አላገኘም። እንግሊዞች እርሱን ተጋብዘው ምን ቀመሱ? ምንስ ብለው ሣቁበት? ይህን አናውቅም። ስለዚህ በራድክሊፍ ብራውን መለኪያ ሲታይ የሚኬሽ ቀልድ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ነው። እንግዳው ይቀልዳል፤ ባለ ቤቱ ይታገሣል። ባለ ቤቱም የሚታገሠው በአገሩ ላይ የበላይነቱ የታወቀ ስለ ሆነና ፌዙ ስለማይጐዳው ነው። ይህ ጨዋታ ያለ ገበታ ነው እንላለን።

3. ገበታ ያለ ጨዋታ፤ የዋሽንግተን ምግብ ቤቶች

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንመልከት። ከ1974 አብዮት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን አገራቸውን ለቅቀው ወጡ። በዩናይትድ ስቴትስም በ1980 የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ ቍጥራቸው እየጨመረ ሄደ። በዋሽንግተን ከተማ በ1978 «ማማ ደስታ» የተባለው ምግብ ቤት ተከፈተ። ከዚያም በአዳምስ ሞርጋን ሠፈር፣ ቀጥሎም በዩ መንገድ አካባቢ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በረከቱ። በሎስ አንጀለስም በፌርፋክስ ጎዳና የሚገኘው ሠፈር በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰየመ። ያለ ሹካና ማንኪያ በአንድ ትሪ መብላት ለአሜሪካኖች አዲስ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ወደዱት። እንግዲህ ምግብ ድንበር ይሻገራል የሚለው አስተያየት እዚህ ላይ የተረጋገጠ ይመስላል።

ነገር ግን የተሻገረው ምንድን ነው? ዶሮ ወጥን እንውሰድ። በአገራችን ሥርዓት ዶሮዋ ዐሥራ ሁለት ብልት ትወጣለች፤ የትኛው ብልት ለማን እንደሚቀርብም የታወቀ ወግ አለው። ምግብ ቤት ገብቶ ዶሮ ወጥ ያዘዘ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አንድ ብልትና አንድ እንቍላል ነው። ወጡ ተሻገረ፤ ክፍፍሉና ክብሩ ግን አልተሻገሩም። በያይነቱንም እንመልከት። በአገራችን ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ የሚቀርበው ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም ኀምሳ አምስት ቀን የሚጾም ሕዝብ ስላለ ነው። በዋሽንግተን ግን ይኸው ትሪ ሥጋ ለማይበሉ ሰዎች የሚቀርብ ምግብ ተብሎ በየቀኑ ይሸጣል፤ የጾም ምግብ መሆኑን በላተኛው ላያውቅ ይችላል። ጉርሻም እንዲሁ ነው። በቤታችን ጉርሻ አክብሮትና ፍቅር ያለበት፣ መጠነኛ ማስገደድም ያለበት ልማድ ነው፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እየተባለ ሁለተኛው ይከተላል። በምግብ ቤት ግን ባል ሚስቱን፣ ወዳጅ ወዳጁን ለመሞከር ያህል የሚያጎርስበት ትርኢት ሆኗል። ይህን ሁሉ የምንለው ለመንቀፍ አይደለም። ምግብም እንደ ቀልድ ሁሉ ሲተረጐም የሚጥለው ነገር እንዳለው ለማስታወስ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በመንገድ የወደቀው ነገር ግን ጨዋታው ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት በገበታችን ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። በባህላችን አፍ እህል ሲጎርስ ብዙ መናገር አይመሰገንም። በገበታ ላይ የሚሰማው የባለ ቤቲቱ «ብሉልኝ፣ አፈር ስሆን» ማለትና የእንግዳው «በቃኝ» ማለት ነው። የልብ ጨዋታ የሚጀመረው እጅ ከታጠበና ቡና ከቀረበ በኋላ ነው። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ጊዜ አለ። ፌዙም ተረቱም የጎረቤት ወሬውም የሚነሣው በዚያ ጊዜ ነው። በምግብ ቤት ግን ምግቡ ከተበላ በኋላ የሚቀርበው ሒሳብ ነው። ቡና የሚፈላበት ቤት ቢኖርም ሦስቱን ስኒ እስኪጨርስ የሚቀመጥ እንግዳ ጥቂት ነው፤ ወንበሩንም ሌላ ደንበኛ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከገበታችን ተቈርጦ የቀረው ክፍል በትክክል ጨዋታ የሚኖርበት ክፍል ነው። በላተኛው ጠግቦ ይወጣል፤ ያበሉት ሰዎች በምን እንደሚሥቁ ግን ሳያውቅ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የጊዜው ሁኔታ ተጨመረ። አብዮቱን ሸሽቶ የወጣ ሰው ወገኑን ሲያገኝ እንኳ የየትኛው ወገን ደጋፊ እንደ ሆነ ሳይረዳ ለመቀለድ ይፈራ ነበር። ቀልድ የማይፈራ ሰሚ ይፈልጋልና፣ ጨዋታው ከቤተ ዘመድና ከልብ ወዳጅ አላለፈም። ሐማ ቱማ በ1993 በእንግሊዝኛ ባሳተመው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል የዚያን ዘመን ፍርድ ቤቶችና ካድሬዎች በመራራ ሥላቅ ለውጭ አንባቢ ማቅረቡ፣ ይህ ዝምታ በችሎታ ማነስ የመጣ አለመሆኑን ያሳያል። ነገር ግን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ወጥ ከሚበላው ሰው እጅግ ያነሰ ነው።

4. የባዶው ሳህን ቀልድ

ገበታ ብቻውን፣ ያለ ጨዋታ በቀረበ ጊዜ ምን እንደሚከተል ለመረዳት የሚከተለውን ምሳሌ እንመልከት። በ1984 እና በ1985 በአገራችን የደረሰው ረኀብ በዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ ታየ። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ስም በብዙ ሰው አፍ የረኀብ ምሳሌ ሆነ። በ1989 ኖራ ኤፍሮን የጻፈችው፣ ሮብ ራይነር ያዘጋጀው «ሃሪ ሳሊን ባገኛት ጊዜ» የተባለ የፍቅር ፊልም ወጣ። በፊልሙ ውስጥ ሃሪ የተባለው ሰው ከአንዲት ሴት ጋር በኢትዮጵያ ምግብ ቤት ስላሳለፈው ምሽት ለሳሊ ይተርካል። በኢትዮጵያ ምግብ መኖሩ የሚያስገርም እንደ ሆነ፣ ባዶ ሳህን ታዝዞ ቶሎ መውጣት እንደሚቻል ለሴቲቱ ቀልዶላት ነበር። እርስዋ ግን ፈጽሞ አልሣቀችም።

ይህ ቀልድ ክፉ ነው ብሎ ማለፍ ለሒስ አይበቃም። በሚገባ ስንመረምረው፣ ፊልሙ ራሱ ቀልዱን እንዳልተሳካ አድርጎ ያቀርበዋል፤ የምንሥቀው በሃሪ ውርደት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን በሲኒማ ቤት የተቀመጠው ሕዝብ ሁለት ጊዜ እንዲሥቅ መጋበዙን መካድ አይቻልም። መጀመሪያ በባዶው ሳህን፣ ቀጥሎ በሃሪ ውርደት። በሁለቱም ጊዜ ምግብ ቤቱ ጌጥ ብቻ ነው። ያበሰለችው፣ ያቀረበው፣ ሒሳቡን የተቀበለው ሰው ቃል አይናገርም፤ ቀልዱን ሰምቶ እንደ ሆነ፣ ሰምቶም ምን እንደ መለሰ አናይም።

ይህን ከሚኬሽ ጋር እናስተያየው። ሚኬሽ እንግዳ ሆኖ የባለ ቤቱን ሻይ ነቀፈ። በሃሪ ታሪክ ግን ባለ አገሩ የስደተኛው እንግዳ ሆኖ ገበታው ላይ ተቀምጦ የስደተኛውን ረኀብ ቀለደበት። ሁለቱም እንግዶች ናቸው፤ ሁለቱም በአስተናጋጃቸው ማዕድ ላይ ያፌዛሉ። ልዩነቱ ያለው በመልሱ ላይ ነው። እንግሊዙ መልስ ለመስጠት ጋዜጣ፣ መጽሐፍ፣ አደባባይ ነበረው፤ ቢፈልግ መሣቅ፣ ቢፈልግ መቈጣት ይችል ነበር። የኛ ሰው ግን ወጡን እንጂ ቃሉን አላቀረበም ነበርና የሚመልስበት ቦታ አልተዘጋጀለትም። ስለ ራሱ ረኀብ በራሱ ቋንቋ የሚቀልድ ሕዝብ፣ ክፉ ዘመን ባለፈ ቍጥር መከራውን በፌዝ የሚያስታውስ ሕዝብ፣ በሰው ፊት ቀልድ የሌለው የሳህን ባለቤት ሆኖ ታየ። ራሳችን ስለ ራሳችን የምንቀልደው ካልተሰማ፣ ሌላው ስለ እኛ የሚቀልደው ቦታውን ይይዘዋል።

5. ገበታም አስተናጋጅም የሌለው ጨዋታ፤ የዲናው መንግሥቱ ሦስት ወዳጆች

ሦስተኛው ሥራ በ2007 የወጣው የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልብ ወለድ፣ በእኛ አባባል «ሰማይ የሚሸከማቸው ውብ ነገሮች» ነው። ደራሲው በ1978 በአዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ነው። ታሪኩ በዋሽንግተን፣ በሎጋን ሰርክል ሠፈር ትንሽ መደብር ስለ ከፈተ ሰፋ እስጢፋኖስ ስለ ተባለ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ይናገራል። ሁለት ወዳጆች አሉት። አንዱ ከኬንያ፣ ሌላው ከኮንጎ የመጣ ነው። ሦስቱ ሲገናኙ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አላቸው። አንዱ ሥልጣን በመፈንቅለ መንግሥት የያዘ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፤ ሌሎቹ አገሩንና ዓመቱን ይነግራሉ።

ይህ ጨዋታ ለኛ ጥያቄ ትልቅ ዋጋ አለው። የሦስቱ ሰዎች ቋንቋ የተለያየ ነው፤ የሦስቱም አገር ወጥ የተለያየ ነው። ሰምና ወርቅ ለኬንያዊው አይገባውም፤ የኮንጎው ፌዝ ለሐበሻው አይገባውም። እንግዲህ የጋራ ቀልድ ከየት ያምጡ? ከጋራ መከራቸው አመጡት። አገር ያሳጣቸውን ነገር የፈተና ጥያቄ አድርገው ይሥቁበታል። ከሚኬሽ ቀልድ የሚለየውም በዚህ ነው። በሦስቱ መካከል ባለ ቤትና እንግዳ የለም፤ ሁሉም እኩል ይቃለዳሉ፤ ማንም ማንንም አይታገሥም። በራድክሊፍ ብራውን ቋንቋ ከመረጥናቸው ሦስት ሥራዎች ውስጥ እውነተኛ የሁለት ወገን የቀልድ ዝምድና የምናየው እዚህ ብቻ ነው።

ሆኖም ደራሲው ይህን ጨዋታ እንደ መጽናኛ ብቻ አላቀረበውም። እያደር ጨዋታው ይደጋገማል፤ መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ይሆናል። ሦስቱ ወዳጆች ከባዶ ትዝታ በቀር የሚያበሉት እንግዳ፣ የሚጠብቃቸው ማዕድ የላቸውም። ከኮንጎ የመጣው ሰው በውድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ የሌሎችን ገበታ ያገለግላል። ሰፋ ራሱ በሠፈሩ በአንዲት ነጭ ሴት ቤት ሲጋበዝ የልቡን ለመናገር ይቸግረዋል፤ ከወዳጆቹ ጋር የለመደው ሣቅ በዚያ ማዕድ ፊት ቦታ የለውም። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ሣቅ በአንድ ክፍል፣ ምግብ በሌላ ክፍል ተለያይተው ተቀምጠዋል። የልብ ወለዱ ኀዘን ከዚህ መለያየት የሚመነጭ ይመስለናል። ከመጽሐፉ ጥበብ ትልቁ ደግሞ ይህን ሳይሰብክ ማሳየቱ ነው።

አንድ ነቀፌታ ግን አለን። ደራሲው የሰፋን ሣቅ በእንግሊዝኛ ብቻ፣ ለወዳጆቹ ብቻ ሰጠው። በዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን በሌላ ሰዓት በአማርኛ፣ በቡና ዙሪያ፣ ከአጎቱና ከጎረቤቱ ጋር ይሥቃል። ያ ሣቅ በመጽሐፉ ውስጥ እምብዛም አይሰማም። ደራሲው በልጅነቱ ከአገሩ የወጣ መሆኑን እናውቃለንና ይህን እንደ ግል ጉድለት አንቈጥረውም። ነገር ግን ነገሩ በአንድ ደራሲ የሚያበቃ አይደለም። በውጭ አገር የሚያድጉ ብዙ ልጆች እንጀራውን ከወላጆቻቸው ጋር ይበላሉ፤ ወላጆቻቸው በምን እንደሚሥቁ ግን አይገባቸውም። እናት ስልክ ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ስትሥቅ ልጅ «ምን ተባለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የምታገኘው መልስ «በአማርኛ ነው የሚያሥቀው» የሚል ነው። የኛን ቀልድ ለባዕድ ማካፈል ካቃተን፣ በመጨረሻ ለገዛ ልጆቻችን ማካፈል ያቅተናል ማለት ነው።

6. መደምደሚያ

ያቀረብነውን ሐሳብ እንሰብስብ። ምግብ ይሻገራል፤ ቀልድ አይሻገርም የሚለው አስተያየት ሁለቱን ነገሮች በተፈጥሮአቸው የተለያዩ አድርጎ ያያቸዋል። የመረጥናቸው ምሳሌዎች ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ። ምግብ ቶሎ የሚሻገረው ሥርዓቱን በመንገድ እየጣለ ነው። ቀልድ የሚዘገየው ሥርዓቱን ካልያዘ ስለማይኖር ነው። ሚኬሽ ቀልዱን ሲያሻግር ገበታውን በቤቱ ተወ። የዋሽንግተን ባለ ምግብ ቤቶች ገበታቸውን ሲያሻግሩ ጨዋታቸውን በጓዳ ተዉ። የዲናው መንግሥቱ ሦስት ወዳጆች ደግሞ ገበታውም አስተናጋጁም ሳይኖር ተቀምጠው ይሥቃሉ። ገበታና ጨዋታ በአንድነት የቀረቡበትን ግንኙነት፣ ማለት እንግዳውና ባለ ቤቱ ተራ በተራ የሚጎራረሱበትንና ተራ በተራ የሚፌዛዘሙበትን፣ ከሦስቱ አንዱም አላሳየንም።

አንዳንድ አንባቢ፣ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ቤት ኪራይ ለመክፈልና ልጆች ለማሳደግ የሚሠራ እንጂ የአገር አምባሳደር ስላልሆነ ቀልድ ያቅርብ ማለት ግፍ ነው ሊለን ይችላል። ልክ ነው። እኛም ሸክሙን በእርሱ ላይ ለመጫን አንፈልግም። ሸክሙ የሚገባው ለተማረው ሰው፣ ይልቁንም ለእኛ ነው። በኮሌጃችን ከልዩ ልዩ አገር ከመጡ መምህራን ጋር እንማራለን፤ ከእኛም ብዙዎች ነገ ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። ስለ ጤፍ፣ ስለ በርበሬና ስለ እንሰት ብዙ ጥናት ተጽፏል። ኢትዮጵያውያን በሰው አገር ሆነው የሚነጋገሩት ቀልድ ግን ባለመጻፉ ከተናጋሪዎቹ ጋር እያለቀ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች አንድ የምርምር ሐሳብ እናቀርባለን። ከውጭ አገር የተመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ እንዲሁም በአገራችን የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች የሚናገሩት ቀልድ ይሰብሰብ። ሲሰበሰብም ቃሉ ብቻ አይጻፍ። ማን ለማን፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በማን ቤት፣ ከየትኛው ምግብ ወይም ከስንተኛው ቡና በኋላ እንደ ተናገረው አብሮ ይመዝገብ። ማን ሣቀ፣ ማን ዝም አለ፣ ማንስ ትርጕም ጠየቀ የሚለውም አይዘንጋ። ይህ መዝገብ ቢኖረን ኖሮ የሃሪ ቀልድ በወጣበት ዘመን በዋሽንግተን ማድ ቤት ውስጥ ምን እንደ ተባለ፣ ያቺ ወጥ ሠሪ ወደ ጓዳ ተመልሳ ለባልንጀራዋ ምን ብላ እንዳሣቀቻት እናውቅ ነበር። እርስዋ የተናገረችው ከሃሪ ቀልድ ሳይሻል እንደማይቀር አንጠራጠርም፤ የጎደለው ጻፊ ብቻ ነው።